ፈርሳ የመጣችው ኦስቲን

መኪናዋ ጋራዡ የደረሰችው ተነድታ አይደለም። ሞተሯ ለብቻ፣ ቻሲሷ ለብቻ፣ ብሎኑና ዳዶው በየሳጥኑ ተጠራቅሞ ነው የመጣው። ሌስ ማክላረን 110 ፓውንድ ሲከፍሉባት ፍቅር ይዟቸው አልነበረም። በኒውዚላንዷ ኦክላንድ ከተማ፣ ሬሙዌራ በሚባለው ሰፈር፣ ማደያና ጋራዥ ነበራቸው፤ ዕቃዋን አሟልተው፣ ገጣጥመውና ቀለም ቀብተው ሊያተርፉባት ነው ያሰቡት። ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ መባቻ ነው። ስሌቱ የነጋዴ ስሌት ነበር፤ ያልገባበት ነገር ቢኖር ቤት ውስጥ ብሩስ የሚባል ልጅ መኖሩ ነው።

ብሩስ ሳጥኖቹን መበርበር ከጀመረ በኋላ የሽያጩ ወሬ ቀረ። ተፈታትታ የተቀመጠችው የ1929 ሥሪት ኦስቲን ሰቨን አልስተር ናት፤ ልጁን በስምንት ዓመት ትበልጠዋለች። አባትና ልጅ ከማደያው ሥራ በተረፈ ሰዓት ዓመት ያህል ለፉባት።

ልጁ እንደ እኩዮቹ ሮጦ የጠገበ አልነበረም። በዘጠኝ ዓመቱ ግራ ዳሌው ላይ ፐርቴዝ የሚባል በሽታ ተገኝቶበታል፤ ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚሄደው ደም ተስተጓጉሎ አጥንቱ የሚዳከምበት የልጆች ሕመም ነው። የዚያን ዘመን ሐኪሞች የሚያውቁት መድኃኒት አጥንቱ ክብደት እንዳይሸከም ልጁን ማስተኛት ነበር። ብሩስ ታካፑና በሚገኘው ዊልሰን ሆም ሁለት ዓመት ገደማ በብረት አልጋ ላይ ታስሮ ኖረ። ዳግመኛ መራመዱ የሚያጠራጥር ነበር። ተራመደ፤ ነገር ግን ግራ እግሩ አጥሮ ቀረና ዕድሜውን ሙሉ ሲያነክስ ኖረ። ታሪኩን የሚተርኩ ሰዎች የመኪና ፍቅሩን ከዚያ አልጋ ጋር ማያያዝ ይወዳሉ፤ መሮጥ የተከለከለ ልጅ ፍጥነትን በሌላ መንገድ ፈለገ ይላሉ። ደስ የሚል ትርጓሜ ነው፣ ግን ትንሽ ይበዛል። አባቱ ጋራዥ ያላቸው ልጅ ጤነኛ ቢሆንም እጁ ከግራሶ አይጠፋም ነበር።

የልጁ ልፋት የሚገባው ኦስቲን ሰቨን ምን ዓይነት መኪና እንደነበረች ላወቀ ነው። ሰር ኸርበርት ኦስቲን በ1922 ገበያ ያወጧት ጎኑ ላይ ጋሪ የተቀጠለበት ሞተር ብስክሌት የሚገዛውን ሰው ለመማረክ ነበር፤ ሚስትና ልጆች የምትይዝ፣ ዋጋዋም አቅም የማይፈትን አራት ጎማ። ኩባንያው በዕዳ ተይዞ ስለነበር ቦርዱ ሐሳቡን አልወደደውም። ስለዚህ ንድፉ የተሠራው በፋብሪካው ሳይሆን በሰውዬው መኖሪያ ቤት፣ በቢሊያርድ መጫወቻ ክፍል ውስጥ ነው። ወረቀቱ ላይ ያጎነበሰው ስታንሊ ኤጅ ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበር። ኦስቲን ከኪሳቸው ስላወጡበት ከእያንዳንዷ መኪና ሁለት ፓውንድ ከሁለት ሽልንግ እንዲታሰብላቸው ተዋዋሉ። ምርቱ በ1939 ሲቆም 290,000 ያህል ተሠርታ ስለነበር ውሉ አላከሰራቸውም።

ይህቺ ትንሽ መኪና ያልገባችበት ቤት የለም። ጀርመኖች ዲክሲ ብለው በፈቃድ ሠሯት፤ ቢኤምደብሊው የዲክሲን ፋብሪካ በ1928 ሲገዛ የመጀመሪያ መኪናው እሷ ሆነች። ፈረንሳዮች ሮዘንጋር አሏት። በኋላ ጃጓርን የመሠረቱት ዊልያም ላየንስ የመኪና አካል መሥራት የጀመሩት ለእሷ ቆንጆ ልብስ በመስፋት ነው።

አልስተር የሚለውን ስም ያመጣው በኦገስት 1929 ቤልፋስት አጠገብ የተደረገው የቱሪስት ትሮፊ ውድድር ነው። ሩዶልፍ ካራቺዮላ በግዙፍ መርሰዲስ አንደኛ ወጣ፣ ጁዜፔ ካምፓሪ በአልፋ ሮሜዮ ሁለተኛ። ሦስተኛው አርቺ ፍሬዘር ናሽ ነበር፤ ሞተሯ 747 ሲሲ በሆነ ኦስቲን ሰቨን። ውድድሩ ለትናንሽ ሞተሮች ቅድሚያ ዙር የሚሰጥ ስለነበር መርሰዲሱን ልትደርስበት ምንም አልቀራትም ማለት አይደለም። ቢሆንም አንዲት የቤተሰብ መኪና ከእነዚያ አውሬዎች ጋር ቀኑን ሙሉ ሮጣ ሳትበተን መግባቷ ለኩባንያው የማይገኝ ማስታወቂያ ሆነለት። ከዚያ በኋላ ዝቅ ያለችው፣ ኋላዋ የሾለው፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘው የውድድር ሰቨን አልስተር ተባለች።

እንግዲህ ሌስና ብሩስ የሚገጥሙት ይህችን ነው። የዚህ ዓይነት ኦስቲን ፈትተው የገጠሙ ሰዎች ሁሉ የሚያወሩት ተመሳሳይ ነው። ክራንክሻፍቷ የሚሽከረከረው ጫፍና ጫፉ ላይ ባሉ ድጋፎች ብቻ ነው፤ መሐሉን የሚይዘው የለም። ሞተሩ ሲጮኽ ብረቱ ልጆች እንደሚዘሉበት ገመድ ወገቡን ያወዛውዛል፤ ዛሬ ባይሰበር ነገ ይሰበራል። በተራዎቹ ሰቨኖች ዘይቱ ቢዬላው ብሮንዚና ጋ የሚደርሰው ተገፍቶ ሳይሆን ተተፍቶ ነው። ሁለት ቀጫጭን አፍንጫዎች በሚሽከረከረው ዘንግ ላይ ዘይት ይረጫሉ፤ ዘንጉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በዙራቸው ሲመጡ የቻሉትን ይቀልባሉ። አፍንጫው በዝቃጭ ከተደፈነ በጎን በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብቶ መጠንቆል ነው፤ ያልጠነቆለ ብሮንዚናውን ይቀብራል። አልስተር ለውድድር ስለተሠራች ዘይቷ በግፊት ይሄድላት ነበር፤ ወገቧ ግን ያው የእህቶቿ ወገብ ነው።

ፍሬኗ ደግሞ በሽቦ የሚጎተት ነው። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጅ እያዞሩ፣ አራቱም እኩል እስኪይዙ ድረስ ዳዶ ማጥበቅና ማላላት ያስፈልጋል። ሦስቱ ተስተካክለው አራተኛው ጋ ሲደረስ የመጀመሪያው ላልቶ ይገኛል። ሁሉም ልክ ሆኖ ከጋራዡ ብትወጣ እንኳ፣ ፍሬን ሲያዝ የፊቱ አክስል በራሱ ስለሚጠማዘዝ የተወጠረው ሽቦ መልሶ ይረግባል። ነጂው ፔዳሉን በረገጠ መጠን ፍሬኑ ይሸሸዋል ማለት ነው። ፍሪሲዮኗም የራሷ አመል አላት፤ ፔዳሉ ወደ ታች የሚሄደው እጅግ አጭር ርቀት ስለሆነ ወይ ይዟል ወይ ለቋል፣ መሐል የሚባል ነገር የለውም። ኦስቲን ሰቨንን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነዳ ሰው እንደ ፌንጣ እየዘለለ ሲነሣ ባለቤቶቹ የሚስቁት ሁሉም እዚያው ስላለፉ ነው።

ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ የነዱት አባት ናቸው። ሌስ በወጣትነታቸው በሞተር ብስክሌት ተወዳድረዋል፤ ፍጥነት የሚያስፈራቸው ሰው አልነበሩም። ከዚያ ጉዞ ግን ፊታቸው ተለዋውጦ ተመለሱ። መሪዋ፣ ፍሬኗ፣ መንቀጥቀጧ፣ ምኗም አልጣማቸውም። ዓመት ለፍተው የገጠሟት መኪና አደገኛ መሆኗን አምነው ለልጃቸው መተዋቸው ለዛሬ ወላጅ የሚገባ ነገር አይደለም፤ ግን እንደዚያ ሆነ።

ብሩስ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣበት ዕድሜ ገና ስላልደረሰ መንገድ መውጣት አይችልም። ስለዚህ የቤቱ ጓሮ የእሽቅድምድም ሜዳ ሆነ። በፍራፍሬ ዛፎቹ መካከል የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው መንገድ አወጣና ቀን ከቀን ይዞርበት ጀመር። የኋላ ጎማ ተንሸራቶ ሲሄድ መሪን ወዴት ማዞር እንዳለበት፣ ፍሬን ሳይታመን እንዴት ማርሽ ቀንሶ መግባት እንደሚቻል የተማረው እዚያ ነው። ሣሩ ምን እንደመሰለ መገመት አያዳግትም።

በ1952 ኦስቲኗ ሙሪዋይ ወጣች። ሙሪዋይ ከኦክላንድ በስተምዕራብ ያለ፣ አሸዋው ጥቁር የሆነ የባሕር ዳርቻ ነው፤ ከባሕሩ ዳር ወደ ላይ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የአካባቢው የመኪና ወዳጆች የዳገት ውድድር ያደርጉ ነበር። የዳገት ውድድር የድሃ ተወዳዳሪ ወዳጅ ነው። ጎን ለጎን የሚጋፋ የለም፤ አንድ መኪና በአንድ ጊዜ ትወጣለች፣ ሰዓት ይያዝላታል፣ ትመለሳለች። ሞተሩ የሚጮኽበት ጊዜ አጭር በመሆኑም ያ ደካማ ክራንክሻፍት የመትረፍ ዕድል አለው። ገና በአሥራዎቹ አጋማሽ ላይ የነበረው ብሩስ ከ750 ሲሲ በታች ከነበሩት መኪኖች ፈጣኑን ሰዓት አስመዘገበ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጎን ለጎን በሚሮጥበት እውነተኛ ውድድር ገባ።

በእነዚያ ዓመታት ቅዳሜና እሑዳቸውን በኦስቲን ሰቨን ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚያሳልፉ ሰዎች በእንግሊዝም ሞልተው ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ አዲስ መኪና ብርቅ ነው፤ አሮጌ ሰቨን ግን በየጥጉ ወድቆ ይገኛል። በለንደን የምሕንድስና ተማሪ የነበረው ኮሊን ቻፕማን በ1948 ከፍቅረኛው ከሄዘል ወላጆች ቤት ጀርባ ባለች ጋራዥ ውስጥ የ1928 ኦስቲን ሰቨን ልብሷን ገፎ፣ ቀላል አካል አለበሳት፤ የመጀመሪያዋ ሎተስ ይህች ናት። እነዚህን ሰዎች ያሰባሰባቸው 750 ሞተር ክለብ ነበር፤ በ1939 የመሠረቱት የመኪና ጋዜጠኛው ቢል ቦዲ ናቸው፣ ከጦርነቱ በኋላ ነፍስ ከዘሩበት ሰዎች ዋነኛው ደግሞ የእንስሳት ሐኪሙ ሆላንድ በርኬት። የክለቡ ውድድር ይፈቅድ የነበረው የኦስቲን ሰቨንን ሞተርና ቻሲስ ነው፤ ዓላማውም ገንዘብ የሌለው ሰው በእጁና በጭንቅላቱ እንዲወዳደር ነበር።

ጭንቅላት ያለው ሰው ግን ችግር ያመጣል። የሰቨን ሞተር አራት ሲሊንደር ቢኖረውም የቤንዚንና የአየር ድብልቁ የሚገባው በሁለት ቀዳዳ ብቻ ስለነበር ሲሊንደሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሻሙ ነበር። ቻፕማን በ1951 ለሦስተኛዋ ሎተስ ቀዳዳዎቹን ከውስጥ በስስ ግድግዳ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን መንገድ አበጀለት። መኪናዋ ሁሉንም ጥላ ሄደች። ክለቡ ብልሃቱን ያየው በአድናቆት ነው፤ ቀጥሎም ደንቡን አሻሽሎ ከለከለው።

ከዚህ ክለብ ቻፕማንን የመሰለ ጥቂት ሰው ወጣ። የሚበዙት ግን ዓርብ ማታ መኪናቸውን ገጥመው፣ ቅዳሜ ሰብረው፣ እሑድ ጎትተው የሚመለሱና ሰኞ ወደ ሥራቸው የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። ስለ ስመ ጥሮቹ ብቻ ሲጻፍ የትርፍ ጊዜው ነገር ሁሉ ለሻምፒዮና መሰላል ይመስላል። ሙሪዋይ ዳገት ላይ ከብሩስ ጋር የተሰለፉት አብዛኞቹ ግን ከዚያ ዳገት የተሻለ ነገር አልፈለጉም ነበር።

ብሩስ ግን ፈለገ። አልስተርን ተከትሎ አባቱ የገዙት ኦስቲን ሂሊ መጣ፣ ከዚያ ሞተሯ ከኋላ የሆነች ኩፐር። በ1958 የኒውዚላንድ ውድድር አዘጋጆች ተስፋ ያለው ወጣት ወደ አውሮፓ የሚልኩበት ዕድል የመጀመሪያ ተጠቃሚ ሆነ። በዚያው ዓመት ኑርቡርግሪንግ ላይ ፎርሙላ ሁለት መኪና ይዞ ከትልልቆቹ ጋር ተደባልቆ ሮጠ፤ በጠቅላላው አምስተኛ፣ ከክፍሉ ደግሞ አንደኛ ወጣ። በዲሴምበር 1959 ሲብሪንግ ላይ የቡድን መሪው ጃክ ብራብሃም በመጨረሻው ዙር ቤንዚን ጨርሶ መኪናውን በእጁ ሲገፋ ብሩስ አልፎት አሸነፈ። ዕድሜው 22 ዓመት ከ104 ቀን ነበር። ከኢንዲያናፖሊስ 500 ውጪ ያን ያህል በልጅነቱ ግራንድ ፕሪ ያሸነፈ ሰው አልነበረም፤ ክብሩን የወሰደበትም በ2003 ፈርናንዶ አሎንሶ ነው።

በ1963 የራሱን ቡድን ሲያቋቁም ሥራው የተጀመረው ለንደን ዳር ኒው ሞልደን ውስጥ፣ ግሬደር በሚቆምበት ቆሻሻ መጋዘን ነው። አብረውት የሠሩ ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ከድሎቹ ይልቅ ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ቀን አለ። ከቀደሙት የውድድር መኪኖቹ አንዷን እየሞከረ ሳለ አፍንጫዋ ላይ ያለችው የቤንዚን መሙያ ክዳን በፍጥነት ጊዜ ብድግ ቁጭ ስትል ዓይኑ ገባች። ሌላ ነጂ ክዳኗን አስሩልኝ ብሎ ያልፋል። ብሩስ ግን ነፋሱ ክዳኗን ወደ ታች ሊጫናት ሲገባ ለምን ትነሳለች ብሎ አሰበ፤ ኮፈኑ ውስጥ የታመቀው አየር ከላይ ካለው ይበረታል ማለት ነው። መኪናዋን አቁሞ ወረደ፣ የላሜራ መቀስ አነሳ፣ ከራዲያተሩ ኋላ ያለውን ላሜራ እየቆረጠ ቀዳዳ ከፈተ። ተመልሶ ሲነዳት ፈጥና ተገኘች። በኋላ በውድድር መኪኖች አፍንጫ ላይ የተለመዱት ሰፋፊ ቀዳዳዎች የዚያች ቀዳዳ ዘመዶች ናቸው።

ይህ ከጓሮው ዛፎች መካከል የመጣ ጠባይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአልስተር የሚዞር ልጅ እያንዳንዱን ኳኳታ እንደ ደብዳቤ ማንበብ ነበረበት፤ ካላነበበው ቢዬላው ሞተሩን ቀዶ ይወጣል። ጥሩ መኪና ቢሰጠው ኖሮ ነጂነትን ይማር ነበር፣ መካኒክነቱን ግን ማን ያስተምረው ነበር? እሱም በ1964 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ለዚያች ትንሽ መኪና ቦታ አልነፈጋትም።

የቀረውን ዓለም ያውቀዋል። በ1966 ከሀገሩ ልጅ ከክሪስ ኤመን ጋር ለ ማንን በፎርድ አሸነፈ። በ1968 ቤልጅግ ላይ ስሙን የተሸከመችው መኪና የመጀመሪያዋን ግራንድ ፕሪ ስታሸንፍ እሱ ራሱ መሪው ላይ ነበር፤ ይመራ የነበረው ጃኪ ስቱዋርት ቤንዚን ፍለጋ መግባቱን ስላላየ ማሸነፉን የሰማው ከመኪናው ሲወርድ ነው። በ1969 የካን-አም ውድድር ቡድኑ ከ11ዱ 11ዱንም ወሰደ። ጁን 2 ቀን 1970 እንግሊዝ ውስጥ ጉድውድ ላይ አዲሷን መኪና ሲሞክር የኋላ ሽፋኗ ተነቅሎ መንገዷን ሳተችና ሞተ። 32 ዓመቱ ነበር። በ12ኛው ቀን ቡድኑ ካናዳ ሞስፖርት ላይ ተሰልፎ በዳን ገርኒ አሸነፈ።

አልስተር ዛሬ ዎኪንግ በሚገኘው የማክላረን ዋና መሥሪያ ቤት፣ መስታወቱ ከሐይቁ ጋር በሚተያየው ሰፊ መተላለፊያ፣ ከፎርሙላ አንድ መኪኖቹ ጋር ተሰልፋ ትታያለች። ቦታው በጸዳ ወለሉ ላይ የዘይት ጠብታ የማይፈልግ ዓይነት ነው፤ ያለ ዘይት ጠብታ የቆመ ኦስቲን ሰቨን ደግሞ ለሚያውቃት ሰው ትንሽ ያስተዛዝባል።

ዘመዶቿ ግን ገና ይሮጣሉ። በእንግሊዝ ከ1934 ጀምሮ ያለው የጥንታዊ የስፖርት መኪኖች ክለብ በየዓመቱ ፕሬስኮት ዳገት ላይ ያሰልፋቸዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከፋብሪካ አልስተር ሆነው የወጡ አይደሉም፤ የበሰበሰ የቤተሰብ ሰቨን ተገዝቶ፣ ባቲላሜራ የሾለ ኋላ ቀጥቅጦለት፣ አልስተር የተደረገ ነው። ይህ ያስከፋቸው አሉ፣ እውነተኛዋ ይህች ናት፣ ያቺ ቅጂ ናት እያሉ ወረቀት የሚያገላብጡ። መከራከሩ መብታቸው ነው። ሆኖም ሰቨን ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ሰው ልብሷን ሲገፍና ሲያለብስ የኖረች መኪና ናት፤ የብሩስም አልስተር ብትሆን ፋብሪካው እንዳወጣት አልቆየችም።

ፕሬስኮት ላይ ከውድድሩ በፊት መኪኖቹ የሚቆሙበት ሜዳ ከዳገቱ ይልቅ መታየት ይገባዋል። የሰቨን የኋላ ጎማን የሚያዞረው ዘንግ መሰበር የሚወድ ዕቃ ነው፤ በተለይ ነጂው ፍሪሲዮኑን በድንገት ለቆ ሲነሣ። ስለዚህ ትርፍ ዘንግ ያልያዘ ሰው የለም፣ የያዘም አላበድርም አይልም። አንዱ ይሰብራል፣ ጎረቤቱ ከመሣሪያ ሳጥኑ አውጥቶ ይሰጠዋል፣ ሦስትና አራት ሰው መኪናዋ ሥር ይገባል፣ ተራው ሳያልፍ ይገጠምለታል። ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ሲነበብ ተበዳሪው አበዳሪውን በሰከንድ ክፋይ ቀድሞት ይገኛል፤ አበዳሪውም ዘንጉን መልሶ ሲጠይቅ በክፍሉ አንደኛ ለወጣ ሰው በሚገባው ትሕትና አይደለም።